የክረምቱ የጃዝ ዎርክሾፕ ያዋጣል ወይ?

ያዋጣል። በተለይ መሣሪያችሁን ይዛችሁ ቤት ውስጥ ለብቻችሁ ስትለማመዱ ለቆያችሁ ሰዎች በደንብ ያዋጣል። ማስታወቂያው ላይ ጎላ ብሎ የተጻፈው የመጨረሻው ቀን ኮንሰርትና ሰርተፊኬቱ ነበር። ለእኔ ሁለቱም ዋና ነገር አልነበሩም። ዋናው ከምሳ በኋላ በትንንሽ ቡድን ተከፍለን የምንጫወትበት ሰዓት ነው። ሌላው ሁሉ ቀርቶ እሱ ብቻ ቢኖር እንኳ ከፍዬ እገባ ነበር።

ከየት ሆኜ እንደምጽፍ እንድታውቁ ስለ ራሴ ትንሽ ልበል። የሲቪል ምህንድስና ተማሪ ነኝ፤ ዘንድሮ ሦስተኛ ዓመት እገባለሁ። አልቶ ሳክስፎን እጫወታለሁ። መሣሪያውን የሰጠኝ፣ ኖታ ማንበብም ያስተማረኝ አጎቴ ነው። እሱ በወጣትነቱ የፖሊስ ኦርኬስትራ ውስጥ ይጫወት ነበር። ቤታችን ውስጥ ትዝታና ባቲ የሚባሉትን ቅኝቶች ስሰማ ነው ያደግኩት። ጃዝ ግን በስልክ ከማዳመጥ አልፎ ከሰው ጋር ተጫውቼው አላውቅም ነበር።

ሥልጠናው የተካሄደው ፒያሳ አካባቢ ባለ አንድ አሮጌ ግቢ ውስጥ ነው። አዘጋጆቹን በስም አልጠራም። የማመሰግንበትም ቅር የተሰኘሁበትም ነገር አለ። ዓላማዬ የትም ብትመዘገቡ ምን ምን መጠየቅ እንዳለባችሁ ማሳወቅ ነው።

ውሎው እንዲህ ነው። ጠዋት ሁላችንም አንድ አዳራሽ ውስጥ ቲዎሪ እንማራለን። ከዚያ በየመሣሪያችን እንለያያለን፤ ትንፋሽ ወደ አንድ ክፍል፣ ኪቦርድና ጊታር ወደ ሌላ፣ ድራም ወደ ጓሮ። ከምሳ በኋላ አምስት ስድስት ሆነን በቡድን እንጫወታለን። ማምሻ ላይ ወይ የታሪክ ገለጻ አለ፣ ወይ ጃም ሴሽን፣ ማለትም ያለ ዝግጅት ተሰባስቦ መጫወት። ምሳ በክፍያው ውስጥ የለም። የፍልሰታ ጾም ስለነበር ከግቢው ፊት ለፊት ካለችው ምግብ ቤት ሽሮ እንበላና ስፕሪስ ጠጥተን እንመለሳለን።

የጠዋቱን ቲዎሪ የሚያስተምረን የፒያኖ መምህራችን ነው። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንለው። ጃዝ ሲማሩ ቶሎ የሚመጣው "ሁለት፣ አምስት፣ አንድ" የሚባለው የኮርድ (አንድ ላይ የሚመቱ ድምፆች) ቅደም ተከተል ነው። ጋሼም ከዚያው ጀመረ። ወዲያው ግን ትዝታን አመጣና ችግሩን በጆሯችን አሰማን። የትዝታ ሜጀር ድምፆች ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ናቸው። ፋ የለም፣ ሲ የለም። አምስተኛው ኮርድ ላይ ስትደርሱ ደግሞ የሚመጣው ሶል፣ ሲ፣ ሬ፣ ፋ ነው። ትዝታ ውስጥ የሌሉት ሁለቱ ድምፆች ተያይዘው ገቡ ማለት ነው። ጋሼ ያን ኮርድ ከትዝታ ዜማ ሥር ሲመታው አዳራሹ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ፊቱ ተለወጠ። ዜማው ያው ነው፤ ትዝታነቱ ግን ጠፋ።

ከዚያ እጁን ወደ ሚ ወሰደና በአራተኛ በአራተኛ እየዘለለ ወደ ላይ ወጣ። ሚ፣ ላ፣ ሬ፣ ሶል፣ ዶ። ቁጠሯቸው፤ አምስቱም የትዝታ ድምፆች ናቸው። አንድም እንግዳ የለም። አንድ ላይ ሲመታቸው ድምፁ ጃዝ ነው፤ ትዝታም ነው። ይህን ያህል ዘመን ስጫወተው የኖርኩት ቅኝት ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር መኖሩን የነገረኝ ሰው አልነበረም። ያን ዕለት ቤት ገብቼ ለአጎቴ በእናቴ አሮጌ ኪቦርድ አሳየሁት። ደጋግሞ ምታው ምታው አለኝ።

ይህ አንዱ መንገድ ነው። ሌላው የኢትዮ ጃዝ አባት የሚባለው ሙላቱ አስታጥቄ የሄደበት ነው። ዜማውን በአምስቱ ድምፅ ይዞ፣ ከሥር ያለውን ኮርድ ግን ከአሥራ ሁለቱም ድምፅ ማውጣት። ቅኝቱ ሳይሰበር ከሥሩ እንዴት ይሰፋል የሚለው ጥያቄ ነው ኢትዮ ጃዝን ኢትዮ ጃዝ ያደረገው። ሙላቱ መጀመሪያ ወደ ዌልስ የተላከው ምህንድስና እንዲማር ነበር። ሙዚቃው ግን ወደ ለንደን፣ ከዚያም ቦስተን ወደሚገኘው በርክሊ ወሰደው። ጋሼ ይህን ሲያወራ እኔ ከፊት ወንበር ተቀምጬ ነበር። የምህንድስና ተማሪ ሆኖ ይህን መስማት ምን ያህል ልብ እንደሚያሞቅ መናገር አያስፈልገኝም።

አንቺሆዬ የሚባለው ቅኝት ግን ከባድ ነው። ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ (ፍላት ግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ፣ ሻርፕ ደግሞ ግማሽ ድምፅ ከፍ ያለ ማለት ነው)። ሶል የለችም። ጆሯችን የለመደው ማረፊያ ከሥሩ ተወሰደ ማለት ነው። የአልቶ ኖታ ከፒያኖ ስለሚለይ በእኔ መሣሪያ ላይ ደግሞ ላ፣ ሲ ፍላት፣ ሬ፣ ሚ ፍላት፣ ፋ ሻርፕ ሆኖ ይመጣል፤ ጣት ላይም ቀላል አይደለም። ማሲንቆ የሚያስተምረው መምህር ግን ወንበሩ ላይ ዘና ብሎ ሲጫወተው ምንም የከበደው አይመስልም። ቤዙ አንዲት ድምፅ ይዞ ይቆይለታል፤ እሱ ከላይ እንደፈለገ ይመላለሳል። ጊዜ ተሰጥቶት ቢሆን ኖሮ ሙሉ ሳምንት አንቺሆዬ ላይ ብቻ ብንቀመጥ አይቆጨኝም ነበር።

ስለ ምት የተማርነው ደግሞ ለእኛ አገር ተማሪ የተሰፋ ነው። ስዊንግ የሚባለው የጃዝ ምት አስቸጋሪ ነው ይባላል። የድራም መምህራችን ግን ከችክችካ ጀመረ። ችክችካ ላይ እያንዳንዱ ምት ለሦስት ይከፈላል፤ ልጅ ሆነን ስናጨበጭብ የኖርነው እሱን ነው። አሁን ከሦስቱ አንደኛውንና ሦስተኛውን ብቻ አስቀሩ፤ መካከለኛውን በሆዳችሁ ቁጠሩት አለን። አንድ፣ ሦስት፣ አንድ፣ ሦስት። በዚያው ስዊንግ ሆነ። ፈጠን ሲል እኩል እየሆነ እንደሚሄድና ለሦስት መክፈሉ ሁልጊዜ በትክክል እንደማይሠራም ነግሮናል። ለመነሻ ግን ከዚህ የተሻለ መግቢያ አላየሁም።

በነገራችን ላይ የቡሄ ዋዜማ ላይ ልጆች ዱላቸውን ይዘው በሩ ላይ መጡ። ሆያ ሆዬ አሉ። የድራም መምህሩ ትምህርቱን አቆመና ሁላችንንም ወደ ደጅ አወጣን። ዝም ብላችሁ አዳምጡ አለ። አውጪው ልጅ ቁመቱ ከዱላው እምብዛም አይበልጥም። ግቢው ውስጥ የሳክስፎን ድምፅ ሰምቶ ስለነበር ወዲያው ስለ ጥሩምባ ግጥም አወጣ። ሌሎቹ "ሆ" እያሉ ተቀበሉት፤ ዱላቸው አንዴ እንኳ አልተዛነፈም። ተመልሰን ስንገባ መምህሩ ብዙም አላብራራም። እንደነሱ ተጫወቱ ብቻ ነው ያለን። የልጆቹን ሙልሙል ዳቦና ገንዘብ የሰጠችው የጥበቃው ባለቤት ናት፤ እግዜር ይስጣት።

ወደ ከሰዓቱ ቡድን ልመለስ፤ እዚህ ላይ ነው ልቤ ያለው። የእኛ ቡድን አልቶ፣ ኪቦርድ፣ ቤዝ ጊታር፣ ድራም፣ ማሲንቆና አንዲት ድምፃዊት ነበር። ቤዝ የምትጫወተው ልጅ ብዙ አታወራም። የሚመራን ጋሼ ነው። የመጀመሪያው ልምምድ "ተቀበል" ይባላል። አዝማሪ ቤት ገብታችሁ የምታውቁ ከሆነ ነገሩ ገብቷችኋል። ታዳሚው ግጥም ያቀብላል፣ አዝማሪው እዚያው በዚያው ዜማ አልብሶ ይመልሳል። ጋሼ "ተቀበል!" ይልና አራት ባር (የምት ክፍል) ይጫወታል። እኛ አራት ባር እንመልሳለን። ሕጉ አንድ ነው፦ እሱ ባቆመበት ድምፅ መጀመር አለባችሁ። አስቀድሞ ያዘጋጃችሁት ሶሎ እዚህ ላይ አይሠራም። ባቆመበት ለመጀመር የት እንደሚያቆም መስማት ግድ ነው።

ቀጥሎ ደግሞ አንዳችን የሌላውን መስመር በአፋችን እንድናዜም ያደርገናል። የራሳችንን ከመጫወታችን በፊት ማለት ነው። ለእኔ የቤዟ መስመር ደረሰኝ። በባቲ ማይነር አንድ ቀላል ነገር ነው የምትጫወተው፦ ዶ፣ ሚ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ፍላት እያለች ትመላለሳለች። ባዜምኩት ቁጥር ግን ሲ ፍላቷን ትንሽ ዘግየት እንደምታደርጋት ሰማሁ። ሁልጊዜ አይደለም፤ በየሁለተኛው ዙር ነው። ሳክስፎኔን አንስቼ ስገባ ያቺ የምትዘገይ ድምፅ ላይ ጠብቄ ገባሁ። ልጅቷ ቀና ብላ አየችኝና ፈገግ አለች። ጋሼ ምንም ሳይል በእጁ ቀጥሉ አለን። ከዚያ በኋላ የተጫወትነው ነገር እስካሁን ከተጫወትኩት ሁሉ ይበልጥብኛል። የከፈልኩት ገንዘብ ለዚህ ነው።

ዝናቡንም ሳላነሳ አላልፍም። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ ነሐሴ ደግሞ ነሐሴ ነው። ሲወርድ የጎን ሰው አይሰማም። ብዙ ሰው እንዲህ ሲሆን ድምፁን ከፍ ያደርጋል። ጋሼ ግን ተቃራኒውን አዘዘን። ድራመሩ ዱላውን አስቀምጦ ብሩሽ ያዘ። ሁላችንም ወንበራችንን ጠጋ ጠጋ አድርገን ጉልበት ለጉልበት እስክንነካካ ድረስ ተቀመጥን። ቀስ ብለን ተጫወትን። ዝናቡ ካባራ በኋላም ከዚያ አቀማመጥ አልተነሳንም።

የታሪክ ገለጻው ይዘቱ ጥሩ፣ አቀራረቡ ደካማ ነው። በስላይድ የተሞላ ረጅም ንግግር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1924 ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም ላይ ያገኟቸውን 40 አርመናዊ ወላጅ አልባ ልጆች እንዴት የናስ ባንድ አድርገው ወደ አዲስ አበባ እንዳመጧቸው፣ መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን፣ ቀጥሎም የወንድሙ ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን ለዘመናዊ ሙዚቃችን ምን እንዳበረከቱ ሰማን። የክብር ዘበኛ፣ የጦር ሠራዊትና የፖሊስ ባንዶች ተነሱ። አሜሪካዊው የጃዝ ሙዚቀኛ ዱክ ኤሊንግተን እ.ኤ.አ. በ1973 አዲስ አበባ መምጣቱም ተነገረን። ይህ ሁሉ ለእኔ ወርቅ ነው፤ አጎቴ ጥሩምባና ሳክስፎን የሞላበት ኦርኬስትራ ውስጥ ለምን እንዳደገ ገባኝ። ግን ማታ ላይ፣ ደክሞን ሳለ፣ አንድም ሙዚቃ ሳንሰማ ነው የተነገረን። ስለ ጌታቸው መኩሪያ ሲነሳ ብቻ የትንፋሽ መምህሩ ተነስቶ ቴነር ሳክስፎኑን አነሳ። ጌታቸው ሽለላን ከፎካሪው አፍ ወስዶ ሳክስፎን ላይ ያወጣው ሰው ነው፤ በስተርጅናው ከሆላንዱ ዘ ኤክስ ባንድ ጋር ዓለምን ዞሮበታል። መምህሩ ለሁለት ደቂቃ ያህል ሽለላ ነፋ። ከሙሉ ስላይዱ ያቺ ሁለት ደቂቃ ትበልጣለች። ለሚቀጥለው ዓመት እባካችሁ ታሪኩን በመሣሪያ ንገሩን።

አሁን ቅር ወዳሉኝ ነገሮች። ትልቁ የኖታ ወረቀቱ ነው። የታደለን ሁሉ በፒያኖ ድምፅ የተጻፈ ነበር። ለአልቶና ለትራምፔት ተለይቶ የተዘጋጀ የለም። ፒያኖው ዶ ሲል አልቶ ላ ነው መጫወት ያለበት፤ ትራምፔቱ ደግሞ ሬ። ስለዚህ የትንፋሽ ተማሪዎች የመጀመሪያዎቹን ቀናት በእርሳስ ስንገለብጥ አሳለፍን። ይህ በሶፍትዌር የደቂቃ ሥራ ነው። ተማሪ ከፍሎ መጥቶ ልምምድ ላይ ማዋል ያለበትን ሰዓት ለዚህ ማጥፋት የለበትም።

ሁለተኛው የደረጃ ነገር ነው። ሲመዘግቡ የሚጠይቁት ስምና መሣሪያ ብቻ ነው። እንዴት እንደምትጫወቱ የሚሰማ የለም። በዚህ የተነሳ ጊታር በቅርቡ የገዛ ልጅና ሆቴል ውስጥ በየሳምንቱ የሚሠራ ጊታሪስት አንድ ቡድን ውስጥ ገቡ። ሁለቱም ተጎዱ። ጀማሪው በጣም ጎበዝ ልጅ ነው፤ ግን ሳምንቱ ሳያልቅ መምጣት አቆመ። ይህ በጣም አሳዝኖኛል። አምስት ደቂቃ ሰምቶ መመደብ ቢኖር እሱም አይቀርም ነበር።

መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር የለም። ኪቦርዱና ቤዙ ዝም ይላሉ። አዳራሹ ውስጥ ያለው ፒያኖ ደግሞ ቃኚ ካየው ቆይቷል፤ መሃል አካባቢ ያሉት ድምፆች ለሰሚው ይጎረብጣሉ። ለድምፃውያንም የተለየ መምህር አልነበረም። የእኛዋ ድምፃዊት ጠዋት ጠዋት ከትንፋሽ ክፍል ጋር ትቀመጥ ነበር። እሷም ሌሎቹም ሙሉ ክፍያ ነው የከፈሉት። ሴት ተማሪዎች በጣም ጥቂት ነበሩ፤ ማምሻው ላይ ሲመሽና ሲዘንብ ታክሲ መጠበቅ ለነሱ እንዴት እንደሚከብድ አዘጋጆቹ ቢያስቡበትና ፕሮግራሙን አንድ ሰዓት ቀደም ቢያደርጉት ብዙ ይመጣሉ ብዬ አምናለሁ።

ክፍያው ለተማሪ ኪስ ቀላል አይደለም። ግን በግል መምህር ቀጥራችሁ ለአንድ ወር ከምትከፍሉት ብዙም አይርቅም፤ እዚህ ደግሞ ብቻችሁን አይደላችሁም። ግማሽ አሁን ግማሽ በኋላ መክፈል ይቻላል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። እኔ ጠይቄ ተፈቅዶልኛል፤ ማስታወቂያው ላይ ግን አልተጻፈም።

የመጨረሻው ቀን ኮንሰርት አጭር ነበር። ለእያንዳንዱ ቡድን ሁለት ዜማ ብቻ ነው የደረሰው። ቤተሰብ መጥቶ አጨብጭቦልናል፤ አጎቴም ሱፉን ለብሶ መጥቷል። ደስ ይላል። ከሙዚቃው አንጻር ግን ከሰዓት በኋላ በቆርቆሮው ሥር የምንጫወተው ይሻል ነበር።

ከዎርክሾፑ በኋላ የት ትጫወታላችሁ የሚለው ጥያቄ ለእኔ የሁሉም ራስ ነው። ጣይቱ ሆቴል ውስጥ የነበረው የጃዝ ክበብ ጃዛምባ በ2007 ዓ.ም. በእሳት ወድሟል። ካዛንቺስ የነበረው የፈንድቃ አዝማሪ ቤትም ፈርሷል። እንደኛ ያለ ጀማሪ ገብቶ ከትልልቆቹ ጋር አንድ ዜማ የሚሞክርበት መድረክ ጠቧል። አዘጋጆቹ አዳራሹን በወር አንድ ቅዳሜ ለቀድሞ ተማሪዎች ቢከፍቱልን ከሰርተፊኬቱ ሺህ ጊዜ ይጠቅመን ነበር። ይህን በአስተያየት መስጫ ወረቀቱ ላይ ጽፌያለሁ፤ እዚህም እደግመዋለሁ። እስከዚያው የእኛ ቡድን በቤዝ ተጫዋቿ ቤት ሳሎን ውስጥ እሑድ እሑድ እየተገናኘ ነው። እናቷ ቡና ያፈሉልናል። ጎረቤት እስካሁን አልከሰሰንም።

ማን ይመዝገብ? ስኬል የምትወጡና የምትወርዱ፣ አንድ ሁለት ዜማ ያለ ኖታ የምትጫወቱ ከሆነ ግቡ። መሣሪያ ገና የጀመራችሁ ከሆነ ግን አንድ ዓመት ቆዩ፤ ወይም ስትመዘገቡ የጀማሪ ቡድን አለ ወይ ብላችሁ አጥብቃችሁ ጠይቁ። ሳክስፎንና ክላሪኔት የምትጫወቱ ሪድ (አፍ ላይ የሚገጠመውን ስስ ሸምበቆ) ትርፍ ያዙ፤ በዝናብ ወቅት ቶሎ ይበላሻል፣ አዲስ አበባ ውስጥም የምትፈልጉትን ቁጥር እንደልብ አታገኙም። የኖታ ማቆሚያ ይዛችሁ ሂዱ፤ እዚያ ያሉት አይበቁም። እርሳስና ላጲስ አትርሱ። ቤዝና ድራም የምትጫወቱ ደግሞ በተለይ እባካችሁ ተመዝገቡ። ዘንድሮ ሁለት ቡድኖች ቤዝ አጥተው በኪቦርድ ግራ እጅ ነው የሠሩት። እናንተ ከመጣችሁ የሁሉም ሰው ከሰዓት በኋላ ይለወጣል።